«ልጄን በዚህ ሞተር አትጭናትም!» አሉኝ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከወደ ዳባት ነው። ዳባትን የማታውቁ የአዲስ አበባ ልጆች ካላችሁ፣ ከጎንደር ተነስታችሁ ወደ ሰሜን ተራሮች ስትጓዙ አምባ ጊዮርጊስን አልፋችሁ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ የምታገኟት ከተማ ናት። ከዚያ ወቅንን አለፍ ስትሉ ደባርቅ ትገባላችሁ። ብርዱ ጋቢ የሚያስደርብ፣ ገብሱ ዓይን የሚስብ አገር ነው። እኔ ይህን ሁሉ እንዴት እንዳወቅኩ ኋላ እነግራችኋለሁ። ምክንያቱ ብዙም ደስ አይልም።

ጠያቂያችን ስድስት ገጽ ነው የጻፈልኝ። ከስድስቱ አራቱ ስለ እጮኛው ዓይን ናቸው። ዓይኗን ለሱ ትተንለት ወደ ፍሬ ነገሩ እንግባ፦

«... ጋሼ፣ ዕድሜዬ 26 ነው። ሥራዬ በየገጠር ቀበሌው የሚያዞር ስለሆነ ከስድስት ወር በፊት ያጠራቀምኩትን ብርና ውጭ አገር ያለው ወንድሜ የላከልኝን አንድ ላይ አድርጌ ያገለገለ ሞተር ሳይክል ገዛሁ። ሻጩ ‹እንደ አዲስ ናት› ብሎኝ ነበር። ቀለሟ እውነትም እንደ አዲስ ናት። ግን መሪውን ትንሽ ወደ ግራ ጠምዘዝ አድርጌ ካልያዝኩ ቀጥ ብላ አትሄድም። ሰንሰለቷም ትንጫጫለች። አንዱ መካኒክ ‹መሪው ነው› አለኝ፣ አስቀየርኩ። ሌላው ‹የፊት ጎማው ኩሽኔታ ነው› አለኝ፣ እሱንም አስቀየርኩ። ጠብ የሚል ነገር የለም። ባለፈው እሁድ እጮኛዬን ከኋላ ጭኜ ደባርቅ ዘመድ ልንጠይቅ ስንሄድ ሰንሰለቱ ወለቀና ከመንገድ ወጣን። እግዜር ይመስገን ሰውነታችን አልተጎዳም፣ ቀሚሷ ግን ተቀደደ። እናቷ ቀሚሱን ሲያዩ ‹ከእንግዲህ ልጄን በዚህ ሞተር አትጭናትም! ይዘኸውም ደጄ እንዳትደርስ!› አሉኝ። ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ ነው። እሷም ‹ሽጠውና እንገላገል› ትለኛለች። አንድ የወቅን ልጅ ሊገዛኝ ይፈልጋል። ልጁ ስለ ሞተር ምንም አያውቅም። ልሽጥለት? ወይስ ምን ይሻለኛል?»

ይኸው ነው። አሁን አንዳንዶቻችሁ «ይህ ዓምድ የትዳርና የኑሮ ምክር አይደለም እንዴ? የጎማ ነገር ምን አመጣው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ቆይ እስቲ! አንድ ሰው እጮኛውን ከኋላው አስቀምጦ በዚያ መንገድ ሲሄድ፣ እሷም ወገቡን ይዛ «ይህ ሰው ያደርሰኛል» ብላ ስትተማመን፣ ከዚህ የበለጠ የትዳር ጥያቄ ምን አለ? እናትየውም ቢሆኑ የተቆጡት ለቀሚሱ አይደለም።

ወንድሜ፣ ሞተሩን ገና አትሽጠው። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መሪው ተቀየረ፣ የፊት ኩሽኔታው ተቀየረ፣ ብርህ አለቀ። የኋላውን ጎማ ግን አንድም ሰው ዝቅ ብሎ አላየልህም። እኔ ደግሞ ጥርጣሬዬ እዚያ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ሳይክል ሲሄድ ሁለቱ ጎማዎች አንድ መስመር ላይ መሆን አለባቸው። መሪውን የያዝነው ከፊት ስለሆነ አቅጣጫውን የሚወስነው የፊቱ ብቻ ይመስለናል። የኋላው ግን ትንሽ ወደ ጎን ካየ ሞተሩን በሙሉ ወደዚያ ይገፋዋል። ነጂው ሳያውቀው መሪውን ጠምዘዝ አድርጎ ያቻችለዋል፣ ሞተሩም እንደ ሸርጣን በጎኑ ይሄዳል። አንተ ገጠር ለገጠር የምትዞር ሰው ነህና ይገባሃል፦ ሞፈሩ ጠማማ ከሆነ በሬዎቹን ብትገርፋቸው ትልሙ አይቃናም። መሪ ማስቀየር በሬ መግረፍ ነው።

ጠማማነቱ ደግሞ በዓይን አይታይም። እስቲ እናስላው። የኋላው ጎማ የሚዞርበት ዘንግ፣ ፐርኖ የሚሉት፣ ግራና ቀኝ ባሉ ሁለት የብረት ክንዶች ነው የሚያዘው። በሁለቱ ክንዶች መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ያህል አለ እንበል። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ደግሞ 1 ሜትር ከ30 ያህል ነው። አንዱ የፐርኖ ጫፍ ከሌላው 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ኋላ ቢቀር፣ ያቺ 2 ሚሊ ሜትር ፊት ጎማው ጋ ስትደርስ 13 ሚሊ ሜትር ሆና ትጠብቅሃለች። 2 ሚሊ ሜትር ማለት ሁለት ክብሪት እንጨት እንኳ አይሞላም! ማነው ቆሞ አይቶ «ጠማማ ነው» የሚል? ሰንሰለቱ ግን ያውቀዋል። ጥርሱን በጎኑ እየፋቀ፣ እየጮኸ፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ጥሎህ ይወርዳል።

አሁን ያልኳችሁን ልንገራችሁ።

በ1989 ዓ.ም. እኔ ደባርቅ ነበርኩ። ዕድሜዬ እንዳንተው ነው፣ ሥራዬም እንዳንተው የሚያዞር። መሥሪያ ቤቱ የሰጠኝ አንዲት ያማሃ ነበረችኝ። ምን ልበላችሁ፣ ከእናቴ ቀጥሎ የምወዳት እሷን ነበር! አንድ ማታ የኋላ ጎማዋ ሚስማር ወጋትና ነፋሷ ወጣ። ጠዋት የምሄድበት ስለነበረኝ ጎሚስታ አልጠበቅኩም። መብራት ጠፍቷል፣ ፋኖስ አብርቼ ራሴ ፈታኋት፣ ለጠፍኳት፣ መልሼ ገጠምኳት። ግራና ቀኝ ክንዶቹ ላይ የተቀረጹ መስመሮች አሉ አይደል? በግራ ሦስተኛው መስመር ላይ አደረግኩ፣ በቀኝም ሦስተኛው መስመር ላይ። እኩል ነው ብዬ ዳዶውን አጥብቄ ተኛሁ።

በማግሥቱ ወደ ዛሪማ ስወርድ አንዲት ነርስ «አድርሰኝ» አለችኝ። ወዳጄ ነበረች። አሳፈርኳት። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደውን ሊማሊሞን ያየ ያውቀዋል፤ ላላያችሁ፣ ገደል ላይ የተጠቀለለ መንገድ በሉት። ጥሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን እየፈለጠ ያወጣው ነው። ያኔ ጠጠር ነው፣ አስፋልት የለም። ሁለተኛው ይሁን ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ማርሽ ስቀንስ ከበታቼ ‹ቀጭ› የሚል ነገር ሰማሁ። ሰንሰለቱ ወልቆ ጥርሱና ክንዱ መሀል ተወተፈ፣ የኋላው ጎማ ቀጥ አለ። ሞተሯ ዞራ በጎኗ ተኛች።

የወደቅነው ወደ ተራራው በኩል ነው። ወደ ሌላኛው በኩል ቢሆን ኖሮ ይህን ዓምድ የሚጽፍላችሁ ሌላ ሰው ነበር። እኔ ጉልበቴ ተላጠ። እሷ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። መርፌ የምትወጋበት እጅ!

አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ደርሶ አነሳን። በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። እሷን ጋቢና አስገብተው ሞተሯን ዞር ዞር ብለው አዩና «ማነው የገጠማት?» አሉኝ። «እኔ ነኝ፣ ምልክቱን እኩል አድርጌ ነው የገጠምኳት» አልኩ። «ምልክቱን ማን እንደቀረጸው ታውቃለህ?» አሉኝና ዝም አሉ። በኋላ ሲታይ የቀኙ ማጥበቂያ ብረት አንድ ጊዜ ተሰብሮ ከሌላ ሞተር የመጣ ኖሯል። በግራ ሦስት ማለት በቀኝ ሦስት ማለት አልነበረም። እኔ ስጠብቅ ያደርኩት ውሸት ነበር።

ደባርቅ ስንመለስ ሰውዬው ጭነት ከሚያስሩበት ሲባጎ ቆርጠው የሚሠራውን አሳዩኝ። አንተም የምትሠራው እሱኑ ነው።

በነገራችን ላይ ሲባጎ የሚለው ቃል ከጥሊያንኛ የመጣ ነው። ዳዶም፣ ቡሎንም፣ ፐርኖም፣ ኩሽኔታም፣ ጎሚስታም እንደዚሁ። ከደባርቅ በላይ ገደሉ ላይ መሽጎ የነበረው የጥሊያን ጦር መስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሲሰጥ መንገዱንና እነዚህን ቃላት ጥሎልን ሄደ። የኋላውን ባለጥርስ ብረት መካኒኮቻችን ኮሮና ይሉታል። በሽታው ከመምጣቱ በፊት በኛ አገር ኮሮና ሰው አይዝም ነበር፣ ሰንሰለት ነው የሚይዘው።

ወደ ሥራው እንምጣ። ስድስት ሜትር ያህል ቀጭን፣ የማይለጠጥ ሲባጎ ግዛ። ግንበኛ የሚጠቀምበት ጥሩ ነው። ሁለት ዱካ ወይም ሁለት ከበድ ያለ ድንጋይ፣ አንድ ማስመሪያ፣ አንድ የአናጢ ሜትር ያዝ። የልብስ ሰፊ ሜትር አትያዝ፣ ይለጠጣል። ደልዳላ መሬት ፈልግ። ሞተሩ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። የጎን መቆሚያ ላይ አዘንብሎ የቆመ ሞተር አይለካም። የመሀል መቆሚያ ከሌለው ሰው ይያዝልህ። ማን እንደሚይዝልህ ኋላ እነግርሃለሁ።

ሲባጎ ከመዘርጋትህ በፊት የኋላውን ጎማ በሁለት እጅህ ይዘህ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወዝውዘው። ‹ቀጭ ቀጭ› ካለ ኩሽኔታው አልቋል። እሱ ሳይቀየር የምትለካው ልክ ነገ አይገኝም። ጎማውን አንሳና አሽከርክረው። እየተንገዋለለ የሚዞር ከሆነ ቸርኬው ተጣሟል ወይም ጎማው ቸርኬው ላይ በደንብ አልተቀመጠም። ያንን አስቀድም።

አሁን የሲባጎውን መሀል ከኋላው ጎማ ጀርባ አድርገህ በፕላስተር ለጥፈው። ከመሬት ከፍታው ጭስ ማውጫውና መቆሚያው የማይነኩበት ቦታ ይሁን። ከስንዝር ትንሽ ከፍ ብትል ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሁለቱን ጫፎች በግራና በቀኝ ወደ ፊት ጎትተህ ከፊት ጎማው አሳልፍና ዱካዎቹ ላይ እሰር። ይወጠር። ከዚያ ፊት ቁጭ በልና ዱካዎቹን ቀስ እያልክ ወደ መሀል አስጠጋ። ሲባጎው የኋላውን ጎማ የኋለኛ ጠርዝ ነክቶ የፊተኛውን ጠርዝ ልክ ሊስመው ሲል፣ ሲስመው፣ አቁም። አትጫነው። ከተጫንከው ይታጠፍና ይዋሽሃል። ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ሰዎች የሚሳሳቱትም እዚሁ ላይ ነው። ግራውን ስታስተካክል ቀኙ ይነቃነቃል። ሦስት አራት ጊዜ እየተመላለስክ እይ። ትዕግሥት ከሌለህ ለነገ አስተላልፈው።

ሁለቱም በኩል ሲስሙ የኋላው ጎማ ወዴት እንደሚያይ ሲባጎው መሬት ላይ ጽፎልሃል ማለት ነው። ወደ ፊት ጎማው ሂድ። መሪውን አስተካክለህ የፊቱ ጎማ ከሲባጎዎቹ ጋር ትይዩ ይሁን። አሁን ማስመሪያህን አውጣና በግራ በኩል በሲባጎውና በፊት ጎማው መሀል ያለውን ክፍተት ለካ። ቀኙንም ለካ። የኋላው ጎማ ከፊቱ ስለሚሰፋ ክፍተት መኖሩ አያስደንግጥህ። የኋላው 4 ኢንች፣ የፊቱ 3 ኢንች ገደማ ከሆነ በየጎኑ ግማሽ ግማሽ ኢንች ይደርሳቸዋል። ቁም ነገሩ ሁለቱ እኩል መሆናቸው ነው።

እኩል ካልሆኑስ? ክፍተቱ በሰፋበት በኩል ያለው የፐርኖ ጫፍ ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ ተጎትቷል። ይቺን ጻፋት። ያንተ ሞተር መሪው ወደ ግራ ካልተጠመዘዘ ቀጥ የማይል ከሆነ እኔ የምጠብቀው በግራ በኩል ሰፊ ክፍተት ነው። ግን የኔን ግምት ተወው፣ ሲባጎውን እመን።

አንድ ምስክር አይበቃም፣ ሁለተኛ ጥራ። ክንዶቹ ከሻንሲው ጋር የተያያዙበት ትልቅ ቡሎን አለ። ከዚያ ቡሎን መሀል እስከ ፐርኖው መሀል በአናጢ ሜትርህ ለካ። በግራ ስንት? በቀኝ ስንት? ሲባጎው ጠማማ ብሎ ሜትሩም የተለያየ ቁጥር ከሰጠህ እሰየው፣ በሽታው ቀላል ነው። ማጥበቂያው ነው። ሜትሩ እኩል ነው እያለ ሲባጎው ግን ጠማማ ነው ካለ፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። እመለስበታለሁ።

ማስተካከሉ እንዲህ ነው። ሞተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉን አውጥተህ ኪስህ ክተት። ሞተር እየሠራ ሰንሰለት የሚነካ፣ በጨርቅ የሚወለውል ሰው አለ። ጣቱን እዚያው ትቶ የሚሄደው እንዲህ ነው። ሰንሰለቱና ጥርሱ መሀል የገባ ጨርቅ እጅህን ይዞ ነው የሚገባው፣ ‹ቆይ› ለማለት ጊዜ የለህም።

የፐርኖውን ዳዶ አላላ፣ አታውልቀው። መጀመሪያ የሰንሰለቱን ውጥረት እይ። ከታች በኩል መሀሉን በጣትህ ወደ ላይና ወደ ታች ግፋው። ብዙ ትናንሽ ሞተሮች ላይ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል መጫወት አለበት። እግረ ረጅሞቹ የገጠር ሞተሮች ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ። የአምራቹ መጽሐፍ ካለህ እሱ ያለውን ያዝ። ጎማውን ትንሽ ትንሽ እያዞርክ ለካ፣ ሰንሰለት አንዱ ቦታ ላይ ከሌላው ይወጠራልና። የምትይዘው ያንን የተወጠረውን ነው። አብዛኞቹ ሞተሮች ላይ ሰንሰለቱ በግራ በኩል ነው። ውጥረቱ ልክ ከሆነ የሰንሰለቱን በኩል አትንካው። የሌላኛውን በኩል ማጥበቂያ ብቻ ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር እያደረግክ ወደ ኋላ ሳብ ወይም ወደ ፊት መልስ። በየሩብ ዙሩ ሲባጎውን እይ። ችኩል ሰው አንዴ ሁለት ዙር ይሰጠውና ከግራ ጠማማ ወደ ቀኝ ጠማማ ይሻገራል።

ልክ ሲሆን ዳዶውን አጥብቅ። አጥብቀህ ስትጨርስ ግን «አለቀ» ብለህ እንዳትነሳ። ዳዶው ሲጠብቅ ፐርኖውን ይዞ ይንቀሳቀሳል። እኔ በፋኖስ ያደርኩት ሌላው ስህተት ይኸው ነበር። ከማጥበቅህ በፊት በሰንሰለቱና በኮሮናው መሀል አንድ የተጠቀለለ ጨርቅ አግባና ጎማውን በእጅህ ወደ ኋላ አዙረው። ሞተሩ ጠፍቶ ነው ያልኩት፣ አስታውስ! ሰንሰለቱ ጎማውን ወደ ፊት ጎትቶ ማጥበቂያዎቹ ላይ ያስደግፈዋል። እንደዚያ ይዘህ አጥብቅ። ጨርቁን አውጣ። ከዚያ እንደገና በሲባጎ ለካ። ከበፊቱ ካልተለወጠ የዳዶውን መቆለፊያ ሽቦ፣ ኮፒሊያውን፣ አዲስ አድርግበት። አሮጌውን አቃንተህ አትመልሰው፣ በጥቂት ሳንቲም ዋጋ ጎማ ይወልቃል።

የኋላ ፍሬንህ በዘንግ የሚጎተት ከሆነ ጎማው ቦታ ሲቀይር ፍሬኑም ይለወጣል። ወይ ይላላል፣ ወይ እየያዘ ይሄዳል። ጎማውን አሽከርክር፣ በነፃ ይዙር። ፍሬኑን ርገጥ፣ ቀጥ ይበል። ይህን ሳታይ ከግቢ እንዳትወጣ። ከሃምሳ ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ ዳዶውንና ሰንሰለቱን አንድ ጊዜ ተመልከት። ወደ ሳንቃበር የሚሄደውን ዓይነት የጠጠር መንገድ የምታዘወትር ከሆነ ቶሎ ቶሎ ተመልከት። የመንገዱ ንዝረት የማይፈታው ዳዶ የለም።

የከተማ ልጆች፣ እናንተም አላችሁበት። አዲስ አበባ ላይ ከሰኔ 2011 ዓ.ም. ወዲህ ሞተር ያለ ልዩ ፈቃድ አይነዳም ተብሎ ቀነሰ እንጂ ዕቃ የሚያደርሱት አሁንም ከኋላ ሣጥን ጭነው ይሮጣሉ። ሣጥኑ ባንድ ጎን ካደላ ሲባጎው ልክ እያለም ሞተሩ ይጎትታል። ሣጥኑን አውርዳችሁ ለኩ።

አሁን ያቆየሁት። ሜትሩ እኩል ነው፣ ሲባጎው ጠማማ ነው ቢልህስ? እንግዲህ ክንዱ፣ ሻንሲው ወይም የፊቱ ሹካ ተጣሟል። ሞተሩ ከመሸጡ በፊት ክፉኛ ወድቋል፣ ቀለሙም ለዚያ ነው «እንደ አዲስ» የሆነው። ይህን ግቢህ ውስጥ አታቃናውም። መዶሻ አንስተህ ብረቱን እንዳትቀጠቅጥ። ጎንደርም ይሁን ባሕር ዳር ሻንሲ የሚያቃና ጋራዥ ጭነህ ውሰደው፣ እየነዳህ አይደለም። እንዳይዞሩብህም የለካኸውን ቁጥር በወረቀት ይዘህ ሂድ። «ግራ 22፣ ቀኝ 6 ሚሊ ሜትር ነው፣ ክንዶቹ እኩል ናቸው» የሚል ደንበኛን «መሪው ነው» የሚል መካኒክ አይገኝም።

የወቅኑን ልጅ በተመለከተ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ውስጥ «ልጁ ስለ ሞተር ምንም አያውቅም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ለምን ጻፍካት? ለኔ ወይስ ለራስህ? ሻጩ ስላንተም ለሆነ ሰው እንዲሁ ብሎ ይሆናል። ሞተሩ ተቃንቶ ከተሸጠ ይሸጥ። ተጣሞ የሚሸጥ ከሆነ ግን ሲባጎውን ልጁ ፊት ዘርግተህ፣ ክፍተቱን አሳይተህ፣ ዋጋውን በዚያው ልክ ቀንሰህ ሽጥ። የማሳቃበርን ጎማ የወቅኑ ልጅ እኅቱን ጭኖ ነው የሚነዳው። የኔዋ ነርስ በሁለት ወር ዳነች። ሠርጌ ላይም መጣች። በር ላይ ተቀብዬ «በምን መጣሽ?» ስላት «በእግሬ» አለችኝ። ደግሞም ሳቀች። እስከ ዛሬ ሞተር ላይ አልወጣችም፣ እኔም እስከ ዛሬ «ውጪ» ብዬ አልጠየቅኳትም።

ሞተሩን ማን ይያዝልህ? ብዬ ነበር። እጮኛህ ትያዝልህ። የሲባጎውን ጫፍ ደግሞ እናትየው ይያዙት። አዎ፣ እሳቸው! ደጃቸው አትድረስ ብለው የለ? ሞተሩን እየገፋህ ሂድ፣ እየነዳህ አይደለም። «እማማ፣ ያልታየልኝ ነገር ነበረ፣ እርስዎ ባሉበት ልየው ብዬ ነው» በላቸው። ክፍተቱን በማስመሪያ ያሳያቸው፣ ቁጥሩን ራሳቸው ያንብቡት። ስታስተካክለውም ይዩ። ከዚያ በኋላ ብቻህን ወቅን ደርሰህ ተመለስ። መሪውን ሳትጠመዝዝ ቀጥ ካለልህ ንገራቸው፣ ካላለም ንገራቸው። ልጃቸውን ልጫን ብለህ ግን በዚያ ቀን አትጠይቅ። ሲፈልጉ እሳቸው ያነሱታል።

የለካኸውን ቁጥር ጽፈህ ላክልኝ። ስለ ዓይኗ የጻፍካቸውን አራት ገጾች ግን በሚቀጥለው ፖስታ መልሼልሃለሁ፣ ለሷ ስጣቸው።

ሳምንት ሰው ይበለን፣ ቸር ሰንብቱ።